ቀባሪ አለን፤ ጧሪስ?

አማርኛ «ጧሪ ቀባሪ» ሲል ሁለት ሥራ ለአንድ ሰው ያሸክማል። «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው» የተባሉ አዛውንት ሁለቱንም አጥተዋል ማለት ነው። መንግሥት የሚከፍለው ጡረታም «ጦረ» ከሚለው ከዚያው ግስ የመጣ ነው፤ ለእኛ ለከተማ ልጆች ግን ጡረታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የወር መጨረሻ ወረፋ ነው። የቃሉን ታሪክ ወደ ኋላ ስንከተል አንድ ነገር ገረመን። ከተሞቻችን ባለፉት መቶ ዓመታት ግድም መቅበሩን እጅግ አሳምረው አደራጅተውታል። መጦሩን ግን ለየቤቱ ጣሉት።

በርስት አገር ሽማግሌ ባዶ እጁን አልነበረም። መሬቱ በእጁ እስካለ ድረስ ልጆቹ ከአጠገቡ አይርቁም፤ ልጅ ያልወለደም ቢሆን ለጦረውና ለቀበረው ሰው ርስቱን ያወርስ ነበር። ፍቅር አልነበረም አላልንም፤ ፍቅሩን መሬቱ ያግዘው ነበር ነው የምንለው። (ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር ልንላችሁም አይደለም። መሬት ያልነበረው አዛውንት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነበር የሚውለው።)

ከዚያ ከተማ መጣ። አገር ቤት ወገኑን ጥሎ አዲስ አበባ የገባ ሰው መጀመሪያ ያስጨነቀው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ነበር። ለዚህ ጭንቀት የተገኘው መልስ እድር ነው። አጀማመሩ ላይ ተመራማሪዎች ቢከራከሩም፣ ከጣሊያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወዲህ በከተማው መስፋፋቱ ይነገራል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጡሩምባ ነፊው፣ ያልቀበረን የሚቀጣው ደንብ፣ ሁሉም በጥንቃቄ ተሟልቷል። ዘመናዊ የኢንሹራንስ ድርጅት የሚቀናበት ሥርዓት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ችግሩ ከፋዩ ገንዘቡ ሲወጣለት ማየት አለመቻሉ ነው።

የመጦሩን ነገር መንግሥት በሕግ የያዘው በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጣሉ፤ ሠራተኛው በ55 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ማንን ነው የሚጦረው? የመንግሥት ደመወዝተኛውን። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጠላ ሻጯ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ ከደጅ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ታሪክ በሙሉ «የዚህ በር ቀስ በቀስ መከፈት» ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ በጣም ቀስ በቀስ።

ከአብዮቱ በኋላ የተወረሱ ድርጅቶች ሠራተኞች ገቡ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር አለ። ለከተማ ሰው የእርጅና ዋስትናው የሚከራይ ቤት ነበር። ወጣት ሳሉ አንድ ሁለት ክፍል መሥራት፣ ሲያረጁ በኪራዩ መኖር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ከባለጸጋው ፎቅ ጋር የመበለቷ ሁለት ክፍልም አብሮ ሄደ። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ወርኃዊ ክፍያ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም የራስን ቤት ማከራየትና ቆራጭ እጅ ማየት ለየቅል ናቸው። በሌላ በኩል ያው አዋጅ የቀበሌ ቤትን አመጣ፤ ለአሥርት ዓመታት ዛሬ ለቡና እንኳ በማይበቃ ኪራይ ስንቱን አዛውንት ጣሪያ ስር አኑሯል። አዋጁ ለአንዷ አሮጊት የነጠቀውን ለሌላዋ ሰጠ ማለት ነው። የመልሶ ማልማት ዶዘር ሲመጣ በየሰፈሩ አዛውንቱ ከሁሉ በላይ የሚደነግጡት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 አረጋውያንን ስም ጠርቶ አካተተ፤ «አቅም በፈቀደ» ከሚል ማሰሪያ ጋር። በ1995 ዓ.ም. የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ሆነ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ የግዴታ ጡረታ ያገኘው ገና በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ካወጀ ከ48 ዓመት በኋላ!

ጤናው ላይም ያው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን እናቶችንና ሕፃናትን ከሞት ለማትረፍ የታቀደ ነበር፤ ብዙም አትርፏል፤ ነቀፋ የለንም። ግን ቤት ለቤት የምትዞረው ባለሙያ ቦርሳ ውስጥ ለአያት የሚሆን ነገር ብዙም አልነበረም። ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ሲሆን የደም ግፊት ክኒን በየወሩ ይገዛል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ይህን ሸክም አቃልሏል፤ እጅግ ለደኸዩት መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም ሠርተው መብላት ለማይችሉ አዛውንት ያለ ሥራ ግዴታ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ደመወዝተኛ ላልነበረ የከተማ ሽማግሌ መንግሥት እጁን በዚህ ስፋት ሲዘረጋ ብዙም አላየንም። ከመንገድ ያነሷቸውን ደግሞ እንደ መቄዶንያ ያሉ በጎ አድራጊዎች ተሸክመዋል፤ ሕዝቡም ከኪሱ እያዋጣ።

የእኛ ዓይን ግን አሁንም እድሩ ላይ ነው። ገንዘብ ያዥ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ ማን ታመመ ማን አልጋ ያዘ የሚለውን ከወረዳው ቀድሞ ያውቃል። አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ላሉ ጧሪ ላጡ አባሎቻቸው መርዳት ጀምረዋል። የወላጆቻችሁን እድር ደንብ ጠይቃችሁ አንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከፈሉ አባል አልጋ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚደረግላቸው የሚናገር አንቀጽ ካለ ቁጥሩን ጻፉልን።