የዲስክ ቅጂ ተጠናቆ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል

የሱቅ ሒሳብም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ ዛሬ በኮምፒውተር መቀመጡ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ የሃርድ ዲስኩን ይዘት እንዳለ ወደ ፈጣኑ ኤስኤስዲ መገልበጥ አንዱ መፍትሔ ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ዲስክ ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ ገልጾ ሊቆም ይችላል። ይህ ሰነዶቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ዊንዶውስ ከየት እንደሚነሳ የሚጠቁመው መረጃ ነው።

ቀዳሚው ጥንቃቄ ነባሩን ዲስክ አለማጥፋት ነው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ሊይዙ ስለሚችሉና ይህም ግጭት ስለሚፈጥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ነባሩ ተነቅሎ አዲሱ ብቻ መቅረት አለበት።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ እንደበራ «ኤፍ 2» ወይም «ዲሊት» ቁልፍን በመጫን ወደ ባዮስ ይገባል፤ ቁልፉ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ይለያያል። አዲሱ ዲስክ በዚያ ካልታየ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አገጣጠሙን መፈተሽ ይገባል። ከታየ ደግሞ በማስነሻ ቅደም ተከተሉ አንደኛ መሆን አለበት።

የአነሳስ ስልቱም ሊታይ ይገባዋል። ነባር ኮምፒውተሮች «ኤምቢአር» በተሰኘው የዲስክ አከፋፈል ሲነሱ፣ አዳዲሶቹ በ«ዩኢኤፍአይ» ስልት «ጂፒቲ» የተሰኘውን ይጠቀማሉ። የዲስኩ አከፋፈልና የባዮሱ ምርጫ ካልተጣጣሙ ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት «ሲ» የተባለውን ክፍል ብቻ መገልበጥ ነው። በዩኢኤፍአይ የማስነሻ ፋይሎቹ የሚገኙት ከተጠቃሚው በተሰወረ አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ከቀረ ዲስኩን ከነሙሉ ክፍሎቹ እንደገና መገልበጥ ያስፈልጋል።

ይህም ካልረዳ ኮምፒውተሩን የዊንዶውስ መጫኛ በያዘ ፍላሽ ማስነሳት ይቻላል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እንደ አዲስ መጫንን ወይም «ፎርማት»ን መምረጥ ሰነዶችን ሊያጠፋ ይችላል። መመረጥ ያለበት የጥገናው አማራጭ፣ በውስጡም «ስታርታፕ ሪፔር» ነው። ዲስኩ በ«ቢትሎከር» ተቆልፎ ከሆነ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከቅጂው በፊት ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል።

አዲሱ ዲስክ ደጋግሞ መነሳቱና ሰነዶቹ መከፈታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ነባሩ ዲስክ በደረቅ ስፍራ ይቆይ።