ቅድመ-ጥንስስ መከላከል

አክስቴ ደም ግፊት እንዳለባት በተነገራት ዕለት አብሬያት ነበርኩ። ነርሷ መለኪያውን ከክንዷ እየፈታች «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጨው ይቀንሱ» አለቻት። አክስቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እሺ ልጄ፤ ድስቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ድስት ስድስት ሰው ይበላል። ወጡ ጨው ቢያንሰው መጀመሪያ የሚያጉረመርሙት ልጆቹ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በዚያው ጨው ነውና።

ለአክስቴ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። ስለ ልጆቹ ግን ማንም ምንም አላለም። የሕዝብ ጤና ተመራማሪዎች ለልጆቹ የሚያስብ አንድ ቃል አላቸው፤ በእንግሊዝኛ «ፕራይሞርዲያል ፕሪቬንሽን» ይሉታል። በአማርኛ «ቅድመ-ጥንስስ መከላከል» ብንለው ይሻላል እላለሁ።

ቃሉን ያስተዋወቁት በዓለም ጤና ድርጅት የልብና የደም ሥር በሽታዎች ባለሙያ የነበሩት ቶማ ስትራሰር ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1978። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረውና 5,209 ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው ጥናት ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጡ ቀድሞ አሳይቷል። ስለዚህም ሐኪሞች አጋላጩን ነገር ከያዘው ሰው ላይ ለማውረድ ይደክሙ ነበር። ስትራሰር ግን ዓይናቸውን የጣሉት እነዚህ አጋላጮች ገና ባልተስፋፉባቸው አገሮች ላይ ነው። እዚያ ሕዝቡ እስኪያጨስና ግፊቱ እስኪጨምር ለምን ይጠበቃል? አጋላጩ ራሱ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል አሉ።

ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ከዚያ ጌሾው በውኃ ይጠነሰሳል፣ ሲሰነብት ይደፈደፋል፣ በመጨረሻ ጠላ ይሆናል። በሽታም እንዲሁ ነው። ስትሮክ የመታውን ሰው ዳግም እንዳይመታው መርዳት ጠላው ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው። የተደበቀን ሕመም በምርመራ ቀድሞ ማግኘት ድፍድፉ ላይ መድረስ ነው። የአክስቴን ግፊት ማውረድ፣ ልብና አንጎሏ ሳይጎዱ፣ ጥንስሱ ላይ መድረስ ነው። ልጆቹ ግን ገና ጋኑ ናቸው። ጌሾው አልገባባቸውም፤ ቅድመ-ጥንስስ ያልኩትም ይህንን ነው።

ሌሎች አማራጮችንም አውጥቼ አውርጃለሁ። «ጥንታዊ መከላከል» ቃል በቃል ቢቀርብም ሰሚው የአያቶቻችን መድኃኒት ይመስለዋል። «ቀዳማይ» ከ«አንደኛ ደረጃ መከላከል» ጋር ይምታታል፤ ያኛው የጥንስሱ እርከን ነው። «በእንጭጩ መቅጨት» የምንወደው አባባል ነው፤ ነገር ግን እንጭጭ ማለት ዛፉ ላይ አስቀድሞ የታየ ፍሬ ነው፣ ዘግይተናል። «ጠላ የደስታ መጠጥ ነው፣ ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው?» ላለኝ ወዳጄ የመለስኩለት ሴራም የሚጠነሰስ መሆኑን ነው። ቋንቋው ቃሉን ለክፉ ነገር ከተጠቀመበት ቆይቷል።

የቃሉን ክብደት ከሁሉ በላይ ያሳየኝ የእኛው ሰዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። ሲደርሱ ብዙዎቹ ከሲታና የተራቡ ነበሩ፤ ስኳር በሽታም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ስኳር በፍጥነት መታየቱን የአገሩ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ጻፉ። ደማቸው ያው ደም ነው። የተለወጠው እንጀራው፣ የእግር መንገዱና የቀኑ ውሎ ነው። እነዚያ ወጣቶች አውሮፕላን ላይ ሲሳፈሩ ጋኑ ባዶ እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል፤ የመከላከያው ጊዜ ያ ነበር።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ የፊንላንዷ ሰሜን ካሬሊያ አለች። ጎልማሳ ወንዶቿ በልብ ሕመም በብዛት ሲሞቱ ሕዝቡ ራሱ መንግሥትን እርዳታ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣቱ ሐኪም ፔካ ፑስካ መሪነት ሥራው ተጀመረ። ቡድኑ በሽተኛ በመምከር ብቻ አልተወሰነም፤ ከወተት ማቀነባበሪያዎች፣ ከቋሊማ ሠሪዎችና ከቤት እመቤቶች ማኅበር ጋር ሠራ። ቅቤና ጨው ቀነሱ፣ አትክልትና ዘይት ጨመሩ። በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች የልብ ሕመም ሞት ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። በጥብቅ ቋንቋ ከተናገርን ለአባቶች የጥንስስ እርከን ሥራ ነበር፤ ድስቱ ከተለወጠ በኋላ ለተወለዱት ልጆች ግን ቅድመ-ጥንስስ ሆነ።

በእኛ አገርም ስሙ ባይጠራም ሥራው አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን አስቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የስትራሰር ሐሳብ የተወለደው እንዲህ ላለ አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጥቆ ለሕፃናት ኳስ ሲሰጥ፣ የሚሮጡት ልጆች ግፊትም ስኳርም የሌለባቸው ናቸው። ለዚህ ነው ሥራው በክሊኒክ መዝገብ የማይታየው፤ ለዚህም ነው ስም የሚያስፈልገው። በጀት የሚያዝለት ስም ያለው ነገር ነው።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ ረጅሙን ስም መሸከም ለከበደው «ሳይጠነሰስ ማስቀረት» የሚለው ግስ ይበቃል። አክስቴ ቃሉን ስነግራት አልገረማትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨው የምትጨምረው ድስቱን ከምድጃ ልታወርድ ስትል ነው፣ በመዳፏ ሳይሆን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ። ትንሹ ልጅ እስካሁን አላጉረመረመም።