ሰማንያ ዓመት የተዘጋ የሐኪም በር

አንድ ሰው ሱስ ጠንቶበት ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሐኪሙ ምን ሊያደርግለት ይገባል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሐኪሙ ራሱ ይመስለናል። የአሜሪካን ታሪክ ስናገላብጥ ግን መልሱን ለረጅም ዘመን የሰጡት ዳኞች፣ ግብር ሰብሳቢዎችና ፖሊሶች ሆነው እናገኛቸዋለን። ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

በ19ኛው መቶ ዓመት ኦፒየምና ከእሱ የሚወጣው ሞርፊን አሜሪካ ውስጥ ከመድኃኒት መደብር እንደ ልብ ይገዙ ነበር። ለሳሉም፣ ለተቅማጡም፣ ለእንቅልፍ እጦቱም እነሱው ነበሩ። በዚያ ዘመን በሞርፊን ሱስ ከተያዙት ብዙዎቹ ደኅና ኑሮ ያላቸው ሴቶች ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን መጀመሪያ ያስለመዳቸው ሐኪማቸው ነበር። ስለዚህ ሐኪም ያስጀመረውን ሐኪም ቢከታተለው የሚገረም አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በ1914 መጨረሻ በወጣው የሃሪሰን ሕግ ነው። ሕጉ ላይ ላዩን ሲታይ የግብር ሕግ ነው፤ ኦፒየምና ኮኬይን የሚነግድ ወይም የሚያዝዝ ሁሉ ይመዝገብ፣ ግብር ይክፈል፣ መዝገብ ይያዝ ይላል። ሐኪም በሙያው ሥራ ላይ ሆኖ ብቻ እንዲያዝዝም ይፈቅዳል። ጣጣው የተፀነሰው በዚህች አነስተኛ ሐረግ ውስጥ ነው። ለመሆኑ የሐኪም ሙያ እስከ የት ድረስ ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1919 ዌብ የተባለውን የሜምፊስ ሐኪም ጉዳይ ሲያይ፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ መልሱን ሰጠ፤ ሱሰኛውን ከሐራራ ለማዳን ብቻ ሞርፊን ማዘዝ ሕክምና አይባልም አለ። በሩ ያን ጊዜ ተዘጋ። አንዳንድ ከተሞች ለሱሰኞች የከፈቷቸውን ክሊኒኮችም የግምጃ ቤቱ ሰዎች እየተከታተሉ አዘጓቸው። በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት፣ በሽሪቭፖርት ከተማ፣ ዶክተር ዊሊስ በትለር ይመሩት የነበረው ክሊኒክ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሲሆን እሱም በ1923 ተዘጋ።

በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚያ ግን መድኃኒት ያጣው በሽታውን የገለጠው ሆነ።

እርግጥ ያው ፍርድ ቤት በ1925 ቃሉን አለዘበ። ሊንደር የተባለ የስፖኬን ሐኪም ለአንዲት ሴት አራት ክኒን በመስጠቱ ተከሶ ተፈርዶበት ነበር። ሴትዮዋ ለመንግሥት የምትሠራ ሰላይ ነበረች። ፍርድ ቤቱ ሱሰኞች ሕመምተኞች ናቸው ሲል ፍርዱን ሻረለት። ግን ምን ዋጋ አለው! እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ የፈሩት ሐኪሞች ሱሰኛን ከደጃፋቸው መመለሱን ቀጠሉበት። በተቃራኒው በብሪታንያ የሮልስተን ኮሚቴ በ1926 ባቀረበው ሪፖርት፣ ማቆም ያቃተው ሰው መጠነኛ መድኃኒት እየወሰደ ሠርቶ ለመኖር ከቻለ ሐኪሙ ሊሰጠው ይችላል ብሎ ወሰነ። በሽታው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ አገሮች ግን አንዱ ለሐኪም፣ ሌላው ለፖሊስ ሰጡት።

አሜሪካ በ1935 በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን አጠገብ አንድ ትልቅ ተቋም ከፈተች። ግማሹ ሆስፒታል፣ ግማሹ ወኅኒ ቤት ነበር። በፈቃዱ የመጣውም የተፈረደበትም አብረው ይኖራሉ፣ እርሻ ላይ ይሠራሉ። በ1962 የታተመ አንድ ክትትል ግን ከዚያ ወጥተው ኒውዮርክ ከገቡት ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ወደ መድኃኒቱ መመለሳቸውን አሳየ። ምክንያቱ ምንድን ነው? የማቆሙ ሕመም፣ ማለት ላቡ፣ ቁርጠቱ፣ ትውከቱ፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልፋል። ሐራራው ግን አንጎል ውስጥ ሥር ሰድዶ ይቆያል። ሰውዬው ከግቢው ሲወጣ ሐራራው አብሮት ይወጣል።

ይህን ውድቀት በቅርብ ካዩት አንዷ በወጣትነቷ ሌክሲንግተን የሠራችው ሐኪም ማሪ ኒስዋንደር ነበረች። በ1964 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ከቪንሰንት ዶል ጋር ሆና ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት ሞከረች። ሜታዶን በአፍ ተወስዶ ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ አንድ ጊዜ ከተወሰደም ቀኑን ሙሉ ሐራራን የሚያስታግስ ነው። ሞርፊን ሲሰጣቸው የሚቀጥለው መርፌ መቼ ነው ከማለት በቀር ሌላ ወሬ ያልነበራቸው ታካሚዎች፣ ሜታዶን ሲጀምሩ አንዱ ሥዕል መሣል ጀመረ፣ ሌላው ትምህርት ቤት አስገቡኝ አለ። የ22 ታካሚዎች ውጤት በ1965 ታተመ። የመንግሥት ወኪሎች ሕግ ጥሳችኋል ብለው ሲያስፈራሩ ዶል ክሰሱኝና ፍርድ ቤት ይለይልን አላቸው። ማንም አልከሰሰውም።

ሆኖም በሩ ወለል ብሎ አልተከፈተም። በ1974 የወጣው ሕግ ሜታዶንን ለሱስ የሚሰጡት ልዩ ፈቃድ ያላቸው ክሊኒኮች ብቻ እንዲሆኑ አጸና። ታካሚው በየጠዋቱ መስኮት ሥር ተሰልፎ፣ ነርሷ ፊት ይጠጣ ነበር። ሥራው ሩቅ የሆነ፣ ልጅ የምታሳድግ፣ ገጠር የሚኖር ምን ያድርግ? ሕክምናው ሕክምና ሆነ፤ ሱሰኛው ግን ከሌላው በሽተኛ ተለይቶ መቆሙ አልቀረም።

ሁለተኛው መድኃኒት ቡፕረኖርፊን ነው። በ1966 በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ፣ በ1978 በዚያው በሌክሲንግተን የምርምር ማዕከል ዶናልድ ጃሲንስኪ ለሱስ ሕክምና እንደሚያገለግል አመለከተ። ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሄሮይን የሚይዘውን የአንጎል ቦታ አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን የሚቀሰቅሰው በከፊል ብቻ ነው። ሐራራን ያስታግሳል፤ መጠኑ ቢጨመርም ትንፋሽ የማፈን ኃይሉ ከተወሰነ ደረጃ አያልፍም። ከምላስ ሥር ስለሚሟሟ ቤት ወስዶ መጠቀም ይቻላል።

በ2000 የወጣ ሕግ ተራው ሐኪም በቢሮው ሆኖ እንዲህ ዓይነቱን መድኃኒት ለሱስ እንዲያዝዝ ፈቀደ፤ ቡፕረኖርፊንም በ2002 ጸደቀ። ግን በስንት ገደብ! ሐኪሙ የስምንት ሰዓት ሥልጠና ይውሰድ፣ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ከ30 ታካሚ በላይ አይያዝ ተባለ። ቁጥሩ ቆይቶ ወደ 100፣ በ2016 ደግሞ ወደ 275 ከፍ አለ። ፈረንሳይ ከ1996 ጀምሮ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ያለ ልዩ ሥልጠና እንዲያዝዝ ፈቅዳ ነበር። እዚያ በ1995 እና በ1999 መካከል በኦፒዮይድ ብዛት የሚሞተው ሰው በ79 በመቶ ቀነሰ። ክኒኑን አሟሙተው በመርፌ የወሰዱም፣ የሸጡም አልጠፉም፤ ይህንን መሸሸግ አይገባም። የተረፈው ሕይወት ግን ሚዛኑን ይደፋል።

አስገራሚው ቅራኔ ይሄ ነው። በ1996 ገበያ የወጣውን ኦክሲኮንቲን የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ለፈለገው ያህል ሰው ሊያዝዝ ይችል ነበር። ከዚያ የመጣውን ሱስ ለማከም ግን በሽተኞቹን መቁጠር ነበረበት። ለማስያዝ ገደብ የለም፤ ለማስለቀቅ ገደብ አለ! በ2000 በኦፒዮይድ ወደ 8,400 ሰዎች ሞተው ነበር። ሄሮይን፣ ኋላም በስውር የሚሠራው ፌንታኒል ተጨምረውበት በ2021 ቁጥሩ ከ80,000 በላይ ደረሰ። ልዩ ፈቃዱ የተነሣው በ2022 ማብቂያ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። የሐኪሙን እጅ ለማሰር ከ1914 እስከ 1919 አምስት ዓመት በቃ። ለመፍታት ግን ከ1919 እስከ 2000 ሰማንያ አንድ ዓመት፣ የቀረውን ቋጠሮ ለመጨረስ ሌላ ሃያ ሁለት ዓመት ወሰደ። ሜታዶን ዛሬም ከክሊኒኩ መስኮት አልወጣም። ፈቃዱ ከተነሣ ወዲህም የሚያዝዙት ሐኪሞች ሲበዙ የሚታከመው ሰው በዚያው ልክ አልበዛም። ሕጉ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሐኪሙን መፍራት፣ ሱሰኛውን ማፈር አስተምሮ ነበርና።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ነገር ያስተምረናል። ቡና ሲቀርብን ራሳችንን ሲያመን ሐራራ ነው ብለን እንሥቃለን። የባሰበትን ሰው ግን ሱሰኛ ብለን በአንዲት ቃል ከሰው ተራ እናወጣዋለን። ወደፊት ከመካከላችን ሐኪም፣ ዳኛ፣ ሕግ አርቃቂ የሚሆን አይጠፋም። ያን ጊዜ ከፊቱ የሚቆመውን ሰው ከሌላው በሽተኛ ጋር በአንድ ወንበር ያስቀምጠዋል ወይስ ደጅ ያቆመዋል? የሰማንያው ዓመት ጥያቄ ይኸው ነበር።