ቆጥሮ መጥለፍ፦ የመስቀለኛ ጥልፍ ታሪክ

መስቀለኛ ጥልፍ፣ በፈረንጅ ስሙ ክሮስ ስቲች፣ ከጥልፍ ዓይነቶች ሁሉ ለመማር ቀላሉ ነው። መርፌዋ ከጨርቁ ሥር ትወጣና በሰያፍ ተሻግራ ትገባለች፤ ተመልሳ ደግሞ በተቃራኒው ሰያፍ ትሻገራለች። የማባዛት ምልክት የመሰለች አንዲት ትንሽ መስቀል ተሠራች ማለት ነው። የሚጠበቀው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከላይ የሚያርፈው ክር ከመጀመሪያዋ መስቀል እስከ መጨረሻዋ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል አለበት። ይህ ሲዛነፍ ብርሃን ያረፈበት ሥራ ዝብርቅርቅ ይላል፤ ሥራውን የማያውቅ ተመልካች እንኳ ምክንያቱን መናገር ባይችልም አንድ ነገር እንደጎደለው ይታወቀዋል።

በአገር ባህል ቀሚስ ላይ ለሚወጣው ጥልፍ ብዙውን ጊዜ ንድፉ አስቀድሞ በጨርቁ ላይ ይነደፋል፤ መርፌዋም መስመሩን እየተከተለች ትሄዳለች። በመስቀለኛ ጥልፍ ግን ጨርቁ ላይ የሚሳል ነገር የለም። ጠላፊው የጨርቁን ድርና ማግ ይቆጥራል፤ ሁለት ክር ወደ ጎን፣ ሁለት ክር ወደ ላይ፣ እያለ። ልዩነቱ ቀላል አይምሰል። እጁ መሳል የማይችል ሰው መቁጠር ከቻለ ፊደልም፣ አበባም፣ ቤተ መንግሥትም በጨርቅ ላይ ማስፈር ይችላል። መርፌ እንጀራቸው ያልሆነ ሰዎች፣ ማለትም ግዞተኛ ንግሥት፣ የቤት ሠራተኛ፣ የቴአትር ተዋናይና የጦር ምርኮኛ የራሳቸውን ነገር በጨርቅ ላይ ለማኖር የቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የታተመ ንድፍ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የአውሮፓ ሴቶች ያዩትን ጌጥ የሚመዘግቡት በጨርቅ ላይ ነበር። በአንድ ጎረቤት ትራስ ላይ የታየ የጠርዝ ጌጥ፣ ከዘመድ የተገኘ የአበባ ንድፍ፣ የፊደል አጣጣል፣ ሁሉም በአንድ ቁራጭ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ለናሙና ይጠለፍና ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጣል። ሲያስፈልግ ይዘረጋል፣ ይቆጠራል፣ ይገለበጣል። በ1520ዎቹ በጀርመን አውግስበርግ ከተማ የንድፍ መጻሕፍት መታተም ቢጀምሩም የናሙናው ጨርቅ ልማድ ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቷል። በብሪታንያ ከተሠሩት መካከል ዓመቱ ተጽፎበት የተገኘው ጥንታዊው ናሙና የ1598ቱ የጄን ቦስቶክ ሥራ ነው፤ በውስጡም አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን የተወለደችበት ቀን በመርፌ ሰፍሯል። የንድፍ ማስታወሻ የነበረው ጨርቅ የቤተሰብ ማስታወሻም ሆነ ማለት ነው። ዛሬ የሚገኘው በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።

በዚያው ምዕተ ዓመት ከሁሉ ይበልጥ ስሟ ከመርፌ ጋር የሚነሣው ሴት የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ስቱዋርት ናት። ሜሪ በ1568 ከአገሯ ሸሽታ ወደ እንግሊዝ ስትገባ የጠበቀችው የዘመዷን የንግሥት ኤልሳቤጥን ከለላ ነበር፤ እሷን የጠበቃት ግን 19 ዓመት ግዞት ነው። ከ1569 ጀምሮ ጠባቂዋ የሽሩዝበሪው ኧርል ሆነ። የኧርሉ ሚስት ቤስ ኦፍ ሃርድዊክ እንደ ሜሪ መርፌ ከእጇ የማይለይ ሴት ነበረችና እስረኛዋና የጠባቂዋ ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው ይጠልፉ ጀመር። በዚያው ዓመት ሜሪን ያያት ኒኮላስ ዋይት የተባለ ባለሥልጣን፣ አየሩ ከቤት በማያስወጣበት ጊዜ ቀኑን በምን እንደምታሳልፍ ጠይቋት ነበር። የሰማውንም ለኤልሳቤጥ ዋና አማካሪ ለዊልያም ሴሲል ጻፈለት። ሜሪ ቀኑን ሙሉ ስትጠልፍ ትውላለች፤ የቀለሙ መለያየት ሥራውን ያቀልላታል፤ የምታቆመውም ሕመሟ ሲያስገድዳት ነው።

ሁለቱ ሴቶች ከሠሯቸው ጥልፎች ብዙዎቹ የእንስሳት ሥዕሎች ናቸው። አብዛኞቹን የቀዱት የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር ካሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ ሸራው ላይ በሐር ክር በመስቀለኛና በግማሽ መስቀል ስፌት ጠልፈዋቸዋል። ከአሜሪካ የመጣ መንቁረ ትልቅ ወፍ አለ፤ በተረት ብቻ የሚታወቁ አውሬዎችም አሉ። ከሁሉም ብዙ ያስወራችው ግን ከአይጥ ጋር የተፋጠጠችው ቀይ ድመት ናት። ንግሥት ኤልሳቤጥ ጸጉሯ ቀይ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይጧ ማን እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሌላው ሥራዋ ግን ጨዋታ አልነበረም። ሜሪ ሊያገባት አስቦ ለነበረው ለኖርፎኩ መስፍን አንድ ትራስ ልካለች። በትራሱ ላይ ከደመና የወጣ እጅ ማጭድ ይዞ የወይን ሐረግ ይገርዛል፤ በላቲን የተጻፈው ቃልም ብርታት ከቁስል በኋላ እንደሚለመልም ይናገራል። ያላፈራው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ የሚያፈራው ይደግ፤ ኤልሳቤጥ ልጅ አልነበራትም፣ ሜሪ ግን ወልዳለች። መስፍኑ በአገር ክህደት ሲከሰስ ትራሱ በማስረጃነት ቀረበበትና በ1572 አንገቱ ተቀላ። ሜሪም በ1587 ተከተለችው። ከጥልፎቿ ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ከፈይ ላይ ተሰፍተው ዛሬም አሉ።

ከንግሥቲቱ ወደ ቤት ሠራተኛዋ ሲመጣ ዘመኑ ወደ 1830 ገደማ ይሻገራል። ኤልዛቤት ፓርከር በ1813 በሰሴክስ የተወለደች የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበረች። በወጣትነቷ በሰው ቤት ገብታ ስታገለግል የደረሰባትን ግፍና በዚያ የተነሣ ሕይወቷን ለማጥፋት እስከ ማሰብ መድረሷን በአንድ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ተርካዋለች። በዘመኑ በነበረው ልማድ የልጃገረድ ናሙና በፊደል ገበታ፣ በአበባ፣ በቤትና በዛፍ የተሞላ ነው። የእርሷ ግን ሥዕል የለውም፣ የጠርዝ ጌጥ የለውም። ከላይ ጀምሮ በቀይ ሐር የተጠለፈ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ፊደሎቹ እህል ያህል አንሰው፣ መስመር በመስመር ተደርድረው። የምትጽፈው መጻፍ እንደማትችል እየተናገረች መሆኑ ደግሞ ይገርማል፤ ብዕር ባይገዛላት መርፌ ተገዝቶላታል። አንዲቷን ፊደል ለመጨረስ ስንት ጊዜ መርፌ ማስገባትና ማውጣት እንደሚያስፈልግ ያሰበ፣ እያንዳንዱን ቃል ምን ያህል እንደኖረችበት ይገባዋል። ጽሑፉ ስለ ነፍሷ ዕጣ ስትጠይቅ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል። ከዚያ በታች ያለው ጨርቅ ባዶ ነው። ባለታሪኳ ግን በሕይወት ኖራለች፤ አስተማሪ ሆና አርጅታለች።

ኤልዛቤት ብቻዋን ስትጠልፍ የአውሮፓ ሀብታም ሴቶች በሌላ ነገር ተጠምደው ነበር። በ1804 አካባቢ ፊሊፕሰን የተባለ የበርሊን አሳታሚ በባለካሬ ወረቀት ላይ በእጅ ቀለም የተቀቡ ንድፎችን መሸጥ ጀመረ። አንዱ ካሬ አንድ ስፌት ነው፤ የካሬው ቀለም የክሩ ቀለም ነው። ከ1810 ወዲህ ደግሞ ዊቲሽ የተባለው ሌላ የከተማዋ አሳታሚ፣ በሚስቱ ጉትጎታ እንደሆነ ይነገራል፣ ሥራውን አስፋፋው። ለስላሳ የበግ ሱፍ ክርና የበርሊን ንድፍ በየሳሎኑ ገባ፤ ውሻውም፣ ጽጌረዳውም፣ የነገሥታቱም ፊት በሱፍ ተጠለፈ። ከሥራዎቹ ብዙዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለማቸው የሚጮህ፣ ነፍስ የሌላቸው ቅጂዎች ናቸው። ቢሆንም ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው ባለካሬ ንድፍ የእነሱ ልጅ ነው።

ክሩና ጨርቁም መልክ የያዙት በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። በ1746 በዛሬዋ ፈረንሳይ ሙሉዝ ከተማ ባለሥዕል ጨርቅ ለማተም የተቋቋመው፣ በኋላም ዲኤምሲ በሚል ምሕጻር የታወቀው ኩባንያ ፊቱን ወደ ጥልፍ ክር አዞረ። ጥጥን በካስቲክ ሶዳ ነክሮ ማጠንከርና በደንብ ቀለም እንዲይዝ ማድረግ የእንግሊዛዊው የጆን መርሰር ግኝት ነው፤ እየወጠሩ ሲነክሩት እንደ ሐር ማንጸባረቁ ደግሞ በኋላ የተደረሰበት ነው። ሐር መግዛት የማይችል ሰው የሐር መልክ ያለው ክር አገኘ። ኦስትሪያዊቷ ቴሬዝ ደ ዲልሞንት በ1886 ያሳተመችው የመርፌ ሥራ መድብል ከዚህ ኩባንያ ጋር የተያያዘ ነው፤ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ እስከ ዛሬ ይታተማል።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ዝቫይጋርት የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1890 ገደማ ለቆጣሪዎች ተብሎ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ አወጣ። ክሮቹ በቡድን በቡድን ተሸምነው ጥርት ያሉ ካሬዎችና ቀዳዳዎች ስለሚሠሩ ዓይን አይደክምም። በብዛት የሚሸጠው በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ነው። ይህም በካሬ ኢንች 196 መስቀል ይሆናል፤ ጎንና ጎኑ 10 ኢንች የሆነ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ቢሸፈን 19,600 መስቀል ይፈጃል። የዚህ ጨርቅ ስም አይዳ ነው። አይዳ ደግሞ በ1871 መጨረሻ በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቨርዲ ኦፔራ ባለታሪክ፣ በግብፅ የተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ነበር። በመድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ታሸንፋለች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እስማኤል ራሱ የላከው ጦር ግን በጉንደትና በጉራ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦር ተደመሰሰ። የጨርቁን ስም በየሱቁ የሚጠሩት ጠላፊዎች ይህን ያህል ታሪክ እንደተሸከመ ልብ የሚሉት አይመስልም።

ጥልፍ የሴት ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የነቀነቀው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዛዊው ተዋናይ ኧርነስት ቴሲጀር በወታደርነት ዘምቶ እጆቹ ቆሰሉ። ድሮም ጥልፍ ይወድ ነበርና አካላቸው የጎደለ ወታደሮች በመርፌ ቢሠሩ እጃቸውም ይፍታታል፣ ገቢም ያገኛሉ ብሎ ለመንግሥት ሐሳብ አቀረበ። የወንድ ሥራ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ሐሳቡን የተቀበሉት የግል በጎ አድራጊዎች ሲሆኑ፣ ከዚያ የተነሣው የአካል ጉዳተኛ ወታደሮች የጥልፍ ድርጅት ከ1918 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ለለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል መንበር በ1919 የተሠራውን ባለጥልፍ መጋረጃም ከ130 በላይ የሚሆኑ ቁስለኛ ወታደሮች ናቸው የጠለፉት።

የቴሲጀር ቤተሰብ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የአጎቱ ልጅ ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር ከ1909 እስከ 1919 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበር፤ የእርሱ ልጅ፣ የደንከል በረሃ ተጓዡ ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ የተወለደው እዚያው ለጋሲዮን ግቢ በ1910 ነው። የተዋናዩ አጎት ፍሬድሪክ ደግሞ በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ ዘምቷል። ከዚያ ዘመቻ ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱት ነገሮች አንዱ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባለው፣ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ የጄን ቦስቶክና የኤልዛቤት ፓርከር ጨርቆች በሚገኙበት በዚያው ሙዚየም ተቀምጧል። ተዋናዩ ቴሲጀር ራሱ በፊልም ሥራ መሐል ጥልፉን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ በ1941ም ስለ ጥልፍ መጽሐፍ አሳትሟል።

በዚያው 1941 ሻለቃ አሌክሲስ ካዝዳግሊ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በቀርጤስ ደሴት በጀርመኖች ተማረከ። ከምርኮኛ ጓዶቹ አንዱ ቁራጭ ሸራ ሰጠው። ክሩን ያገኘው ተበጣጥሶ ካለቀ የአንድ ግሪካዊ ጄኔራል ሹራብ ነው፤ እየተረተረ መስቀለኛ ጥልፉን ጀመረ። በታኅሣሥ ወር ያለቀው ሥራ ለተመልካች የዋህ ነው፤ የሠሪው ስምና ማዕረግ፣ የታሰረበት ቦታ፣ በዙሪያው ንስርና የናዚ ምልክት። በጠርዙ ላይ ግን ነጥብና ሰረዝ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ጌጥ ይመስላሉ እንጂ የሞርስ ቴሌግራፍ ፊደል ናቸው፤ አንደኛው መስመር እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ ሲል፣ ሌላኛው ለሂትለር በጋዜጣ የማይጻፍ ስድብ ይሳደባል። ጠባቂዎቹ ሥራውን ወደዱትና በአራት እስር ቤቶች ለእይታ አቆሙት፤ ማንም አላነበበውም። ካዝዳግሊ ከዚያ በኋላ ለ40 ያህል መኮንኖች ጥልፍ አስተምሯል። የቀይ መስቀል ስንቅ ሕይወቱን፣ ጥልፍ ደግሞ አእምሮውን እንዳተረፈለት ይናገር ነበር።

ከጦርነቱ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። በ1973 ሮዚ ግሪር የተባለ ግዙፍ የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ወንዶችን ጥልፍ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በአውሮፕላን በሚበርበት ጊዜ ፍርሃቱን የሚረሳው መርፌ ይዞ ነበር። በ2021ዱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ እንግሊዛዊው የውኃ ዝላይ ስፖርተኛ ቶም ዴሊ ከወርቅ ሜዳሊያው በኋላ በተመልካች መቀመጫ ላይ፣ ጥልፍ ባይሆንም፣ ሹራብ ሲሠራ ካሜራ ያዘው። ሜዳሊያው እንዳይጫጫርበትም በገዛ እጁ አነስተኛ ከረጢት ሠርቶለታል፤ በአንድ በኩል የብሪታንያ፣ በሌላው የጃፓን ባንዲራ ያለበት።