«ኮምፒዩተር» የሰው ሙያ በነበረበት ዘመን

ሰሞኑን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ገብቼ ሳልጠየቅ የወጣሁበት ጊዜ የለም። ጥያቄውም አንድ ዐይነት ነው። «ጋሼ፣ ማሽን የማይቀማኝ የትኛውን ትምህርት ባጠና ነው?» ይሉኛል። ማሽን የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን ነው፤ ይልቁንም ቻት ጂፒቲ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ በየስልኩ ገብቶ ድርሰት የሚጽፈውን፣ ሒሳብ የሚሠራውን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሳይቀር የሚያዘጋጀውን።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የነገውን ለመናገር ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ነገር ግን ልጆቹ ጥያቄው በነሱ ዘመን የተጀመረ ሲመስላቸው ዝም ማለት አልሆነልኝም። ከነሱ በፊት በዚሁ መንታ መንገድ ላይ የቆሙ ብዙ ሰዎች ነበሩ። የደረሰባቸውም ተጽፎ ተቀምጧል።

ከቃሉ ልጀምር። «ኮምፒዩተር» ዛሬ የዕቃ ስም ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን በእንግሊዝኛ የሰው ሙያ መጠሪያ ነበር፤ «አስሊ» እንደ ማለት። እርሳስና ወረቀት፣ ቢበዛ የማስሊያ መኪና ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲደምርና ሲያባዛ የሚውል ሠራተኛ ኮምፒዩተር ይባል ነበር። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው የላንግሊ የበረራ ምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1935 አምስት ሴቶች በዚህ ሥራ ተመደቡ። ጦርነቱ ሲመጣ ሥራው በዛ፣ ሠራተኛም ጠፋ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 በመከላከያ ኢንዱስትሪ የዘር አድልዎ እንዳይደረግ ካዘዙ በኋላ ለጥቁር ሴቶችም በሩ ተከፈተ። ተከፈተ ይባል እንጂ የሚቀመጡበት ክፍል ለብቻ፣ የሚመገቡበት ጠረጴዛ ለብቻ፣ መጸዳጃውም ለብቻ ነበር።

ወይዘሮ ዶሮቲ ቮን በ1943 ወደዚያ የገቡት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርነታቸውን ትተው ነው። በዚያን ጊዜ ለተማረች ጥቁር ሴት ከማስተማር የተሻለ የተከበረ ሙያ አልነበረምና ብዙዎች «እንዴት ይህን ትተዪ?» ሳይሏቸው አልቀሩም። በ1949 የጥቁር ሴቶቹ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ዓመታት አለፉና የኤሌክትሮኒክስ ማስሊያ መኪና ወደ ላንግሊ ገባ። ሴቶቹ ሳምንት የሚፈጅባቸውን ስሌት በሰዓታት የሚጨርስ መኪና ነው። ስሙም ያው የነሱ ስም ነው፤ የሥራ መደባቸውን ብቻ ሳይሆን መጠሪያቸውንም ወሰደባቸው!

ወይዘሮ ቮን ፎርትራን የተባለውን የመኪናውን ቋንቋ ራሳቸው ተማሩ፤ ሌሎቹንም አስተማሩ። ይህን እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው በ2016 ከወጣው ፊልም ያውቀዋል። ፊልሙ የማይነግረን ቀጥሎ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ናሳ ሲቋቋም ለጥቁሮች የተለየው ክፍል ፈረሰ። እሳቸውም በአዲሱ የስሌት ክፍል ፕሮግራም አዘጋጅ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው በ1971 ጡረታ ወጡ፤ ነገር ግን የኃላፊነት ቦታ ዳግመኛ አላገኙም። እንጀራቸውን አዳኑ፣ ወንበራቸውን አላዳኑም። የማሽን ታሪክ ሲወራ አንዱ ግማሽ ብቻ እንዳይወራ ስለምፈልግ ነው ይህን ማንሣቴ።

ሁለተኛው ምሳሌ የቴሌፎን ኦፕሬተሮች ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትምህርቷን የጨረሰች ወጣት ሴት በቀላሉ የምታገኘው ሥራ ገመድ እየሰካች ደዋይን ከተደዋይ ማገናኘት ነበር። ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. የተባለው ኩባንያ ከ1920 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ከመረቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በራሱ የሚሠራ አደረገው። በቅርብ ዓመታት ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የሕዝብ ቆጠራ መዛግብትን አገላብጠው ያገኙት ነገር ያስገርማል። ገና ትምህርት ቤት የነበሩት፣ ማለትም ኦፕሬተር ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት ልጃገረዶች ሥራ ፈት አልሆኑም፤ ጸሐፊ ሆኑ፣ ምግብ ቤት ገቡ። የተጎዱት በወንበሩ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ናቸው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ ወይ ከሥራ ወጥተዋል፣ ወይ ዝቅ ባለ ደመወዝ ይሠራሉ።

ይህን ሳነብ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። ነገሩን ወደኛ አገር ላምጣው።

በኛ ዘንድ መጻፍ ራሱ ሙያ ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ያ ሙያ አልሞተም፤ ዛሬም በየገዳሙ አለ፤ ግን የመንግሥት ሥራ የሚመኝ ወጣት መንገዱ መሆኑ አበቃ። ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና መጣ። ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደላችንን በአርባና በሃምሳ ቁልፍ ማስገባት እንዴት ይቻላል? ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለዚህ መላ የፈለጉ ሰው ናቸው። መላውም ፊደሉን ከቅጥያው ለይቶ በየቁልፉ ማስቀመጥ ነበር። በኋላ ኦሊቬቲ የሠራቸው የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሲገቡ ታይፒስት የሚባል አዲስ ባለሙያ ተፈጠረ። ከነጻነት በኋላ የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ታይፕ፣ አጭር ጽሕፈትና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እያስተማረ ያወጣቸው ልጆች ሥራ ፈልገው ሳይሆን ሥራ ፈልጓቸው የሚሄዱ ነበሩ።

እህቴ ታይፒስት ነበረች። ጣቶቿ ሲሮጡ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስላል። ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ከሠራች በኋላ መሥሪያ ቤቷ ኮምፒዩተር አስገባ፤ ሦስት ወር የሠለጠነች ልጅ በወንበሯ ተቀመጠች፤ እሷ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ልጇ ግን ስድስት ኪሎ አካባቢ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ከፍታ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በመተየብ ቤተሰብ አስተዳደረች። አንዲቱ መኪና ከእናት ነጥቃ ለልጅ ሰጠች ማለት ነው። የአሜሪካዎቹ ተመራማሪዎች በቆጠራ መዝገብ ያገኙትን እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር አይቼዋለሁ።

ታዲያ ይህን ይዞ «አትፍሩ፣ ለናንተ ሌላ ይመጣል» ማለት ይቻላል? እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ነቢያቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህ ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ ፕሮፌሰር ጄፍሪ ሂንተን ቶሮንቶ ላይ ሲናገሩ፣ ማሽን በአምስት ዓመት፣ ምናልባትም በዐሥር፣ ከሰው የተሻለ ራጅ ስለሚያነብ የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም ብለው ነበር። ሰውየው ሊናቁ የሚችሉ አይደሉም፤ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ሆኖም አሜሪካ ዛሬም የራዲዮሎጂ ሐኪም አጥታ ትፈልጋለች። በዚያ ንግግር ደንግጦ ሌላ ሙያ የመረጠ የሕክምና ተማሪ ቢኖር ካሣውን ማን ይከፍለዋል?

የተገላቢጦሹም አለ። «ኮምፒዩተር ተማሩ፣ ራሃብ አታውቁም» ተብሎ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዓመት በኮምፒዩተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቀው ከመቶ ሺህ በላይ ደረሰ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2025 ባወጣው አኀዝ ግን ከአዲስ ተመራቂዎች መካከል በኮምፒዩተር ሳይንስ ሥራ ያላገኙት ከመቶ 6.1፣ በኮምፒዩተር ምሕንድስና 7.5 ሲሆኑ፣ በሥነ ጥበብ ታሪክ 3 ገደማ ብቻ ናቸው። (የታሪክ መምህር ይህን ሲያነብ ትንሽ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።) በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በብዛት በገባባቸው ሙያዎች ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ሠራተኞች ቅጥር ከሌሎች ሲነጻጸር በመቶ 13 ቀንሷል። በዚያው ሥራ ላይ ያሉ አንጋፎች ግን ይህ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ከቴሌፎኑ ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ይቃረናል። ያኔ የተጎዳው ወንበር የያዘው ነበር፤ የዳነው ተማሪው ነበር። አሁን ወንበር የያዘው ተደላድሎ በሩ ላይ የቆመው ነው የሚንገላታው። ምክንያቱም ማሽኑ የወሰደው ጀማሪ የሚማርበትን ትንሽ ትንሹን ሥራ ነው። የቁም ጸሐፊ ደቀ መዝሙር መጀመሪያ ብራና ይፍቃል እንጂ ወንጌል አይጽፍም፤ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛም ደረሰኝ ሲለቅም ነው ሒሳብ የሚገባው። ብራናውን ማሽን ከፋቀው ልጁ ብርዕ እስኪይዝ ድረስ ምን ሲሠራ ይቆያል?

በኛ አገር ምርጫው የልጁ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከተማሪው መቶ 70 ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚለው መመሪያ ለዓመታት ሲሠራበት፣ በፍላጎቱ ሳይሆን በኮታ መሐንዲስ የሆነውን ወጣት ሁላችንም እናውቀዋለን። የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ የኤንቪዲያ ኩባንያ ኃላፊ ጄንሰን ሁዋንግ ዱባይ ተገኝተው ከእንግዲህ ልጆች ፕሮግራም መጻፍ መማር እንደማያስፈልጋቸው፣ ይልቅስ ባዮሎጂና እርሻን የመሰለ ዕውቀት ቢይዙ እንደሚሻል ተናገሩ። አምስት ወር ቆይቶ፣ በሐምሌ፣ ኢትዮጵያ ከዚያችው ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ፕሮግራም መጻፍ የምታስተምርበትን ዕቅድ ጀመረች። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም አልልም፤ የስልክ ፕሮግራም አጻጻፍ የተማረ የገበሬ ልጅ ለእርሻው ሊያውለው ይችላል። ግን ምክሩ ከአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ በሁለት አፍ መምጣቱን ልጆቹ ቢያውቁት አይከፋም።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ልጆች የሙያ ስም አልነግራቸውም። የመረጡትን ሥራ የሚሠራ ሰው ፈልገው፣ «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምን ስትሠራ ነበር? ያን ሥራ ዛሬ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እልካቸዋለሁ። እስካሁን ሄደው ከተመለሱት ሁለቱ ምርጫቸውን ለውጠዋል፤ አንዷ ደግሞ እንዳሰበችው ነርስነት ሞልታለች።