ወረድኩ ወይስ ተዋረድኩ?

ጎረቤቴ ጡረተኛ እናት ናቸው። የግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ሦስት ወር ባዶዋን ከረመች። በሩ ላይ የተሰቀለውን “የሚከራይ ቤት” የሚል ካርቶን ፀሐይ አደበዘዘው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወጣት 10,500 ብር ሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸው “ከ12,000 ንቅንቅ አልልም” ብለው መለሱት።

“መምህር፣ ከወረድኩ እኮ ተዋረድኩ ማለት ነው” አሉኝ።

ልስቅ ነበር፤ ግን ይህ ፍርሃት ታሪክ አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት። ከቀሩት፣ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራዩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 ከመቶ ተቀነሰ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ እውነቱን ነበር። ባለቤቱ ግን በአንድ ቀን ኪራዩንም ቤቱንም አጣ። ቀበሌ የሚሰበስባት ሳንቲም ደግሞ ጣሪያ አላሳደሰችም፤ ቤቶቹ እየዘመሙ ኖሩ። ያን ዘመን ያየ የቤት ባለቤት “ኪራይ ቀነሰ” ሲባል “ቤት ተወረሰ” የተባለ ይመስለዋል።

የዛሬውም ሕግ ያስፈራቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪውም መንግሥት በሚያስታውቀው መጠን፣ በዓመት አንዴ ነው። “አንዴ ከወረድኩ በምን እመለሳለሁ?” ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እስቲ እናስላው። ከ12,000 ወደ 10,500 መውረድ በወር 1,500 ብር ያጎድላል። የሦስቱ ባዶ ወራት ኪሳራ 36,000 ብር ነው። ይህ ለ24 ወር በወር 1,500 ብር ከመቀነስ ጋር እኩል ነው፤ ማለትም ልክ የሁለት ዓመቱ ውል! እሳቸው ቅናሹን እንቢ ብለው የሁለት ዓመት ቅናሽ በሦስት ወር ከፈሉ።

ታዲያ መቼ ነው መቀነስ? ሰው ቤቱን አይቶ ፊቱን ካጠቆረ ችግሩ ከቤቱ ነው፤ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን ማስተካከል ነው። ወዶት ዋጋ ሲሰማ ውልቅ ካለ ግን ችግሩ ዋጋው ነው። ይህ ሁለት ሦስቴ ከተደገመ ወር መሙላት አያስፈልግም።

“በ1967 ያወረደው ሌላ ነው” አልኳቸው። “ዛሬ ቁልፉ በእጅዎ ነው።”

ዝም ብለው ቆዩና ደላላውን አስጠሩ። ወጣቱ ሌላ ቤት ገብቷል። ቤቷ በ10,000 ተከራየች።