የዓመቱ ሰው ወይስ የዓመቱ ወንድ?

ታይም የተባለው፣ ያኔ ሳምንታዊ የነበረው የአሜሪካ መጽሔት በጥር 1936 መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዙሪያው ቀይ በሆነው ሽፋኑ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ይዞ ወጣ። የ1935 «የዓመቱ ሰው» ብሎ የመረጣቸው የጣሊያን ጦር አገራቸውን በወረረበት ወቅት ነው። ወሬው በአማርኛ ሲነገር ግን አንድ ነገር ይሰወርብናል። የእኛ «ሰው» ወንድንም ሴትንም ያቅፋል፤ በእንግሊዝኛው የታተመው ቃል ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ «ወንድ» ማለት ነው። ስያሜው ጾታ በማይለይ ቃል የተተካው በ1999 ሲሆን፣ ምርጫው ከተጀመረበት ከ1927 እስከ 1998 በነበሩት 72 ዓመታት ለብቻቸው፣ በስማቸው የተመረጡት ሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው የ1936ን ቦታ የያዙት ዋሊስ ሲምፕሰን ናቸው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ እሳቸውን ለማግባት ሲል ዘውዱን ጣለ። የ1952ቷ ንግሥት ኤልሳቤጥ የአባታቸውን ዙፋን ወረሱ። የ1986ቷ ኮራዞን አኪኖ የፊሊፒንሱን መሪ ማርኮስን ያስወገደውን ትግል በራሳቸው ብርታት ቢመሩም፣ ወደ ፖለቲካው መድረክ ያወጣቸው ባለቤታቸው በ1983 በማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ መገደላቸው ነው። ሦስቱም ሽፋኑ ላይ የደረሱት አንድም በባል፣ አንድም በአባት፣ አንድም በንጉሥ በር አልፈው ነው። በ1937 ከቻይናው መሪ ቺያንግ ካይ ሼክ ጋር የወጡት ሶንግ ሜይ ሊንግም የአገሪቱን አየር ኃይል ጉዳይ የሚመራው ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ሆነው ሳለ፣ በሽፋኑ ማዕረግ «ሚስት» ተባሉ። በ1975 ተራው ለአሜሪካ ሴቶች ሲደርስ ደግሞ አሥራ ሁለት ሴቶች አንድ ሽፋን ተካፈሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ኮምፒውተር ለብቻው ተመረጠ፤ በዚያም ሽፋን ላይ ከማሽኑ ፊት የተቀመጠው በነጭ ጀሶ የተሠራ ወንድ ነበር።

«መጽሔቱ ምን ያድርግ? ሥልጣኑ በወንዶች እጅ ነበር፤ መስተዋት ፊትን አይፈጥርም» የሚል ሙግት ይነሳል። ሙግቱ ግማሽ እውነት አለው፤ አብዛኞቹን ዓመታት ያስረዳል። ይሁንና መለኪያው ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1935 የሚመረጠው ወራሪው ሙሶሊኒ እንጂ የተወረሩት ንጉሥ ባልሆኑ ነበር። የ1930 ተመራጭ ጋንዲ መጽሔቱ ሲወጣ እስር ቤት ነበሩ፤ የ1956ቱ የሃንጋሪ ታጋይ በሶቪየት ታንክ ተደፍጥጦ ነበር። አዘጋጆቹ ሥልጣን የሌለውን፣ የተሸነፈውንም ቢሆን ለዓላማው ሲሉ ማክበር ይችሉ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጻነት ለሴቶች ሲሆን ግን እምብዛም አልተጠቀሙበትም።

«ስያሜው ተለውጧል፤ ነገሩ አልቋል» ለሚልም መልሱ ከራሱ ከመጽሔቱ ይገኛል። ከአኪኖ በኋላ አንዲት ሴት ለብቻዋ እስክትመረጥ 29 ዓመት ፈጅቷል፤ እሳቸውም የ2015 ተመራጭ፣ የያኔዋ የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ መርክል ናቸው። ቃል መለወጥ ዓይንን ወዲያው አይለውጥም። በ2020 መጽሔቱ ወደኋላ ተመልሶ ከ1920 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሽፋን ለሴት ሲሰጥ፣ የ1953ን ለዲኤንኤ ቅርጽ መታወቅ ወሳኝ የሆነውን የኤክስሬይ ሥራ ለሠራችው ለሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሰጣት። መቶ ሽፋን መሙላት መቻሉ ሴቶቹ ያኔም እንደነበሩ ማመን ነው። የ1953ን ተመራጭ በጊዜው ለማየት መጽሔቱን የገዛ አንባቢ ግን ያገኘው የምዕራብ ጀርመኑን መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወርን ነው።